ሬዙሜዬን የሚጥለው ኮምፒዩተር ነው?

ጥያቄ፦

"የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዲቪ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አገር ቤት በአካውንቲንግ ዲግሪ ይዤ ባንክም አስመጪ ድርጅትም ሠርቻለሁ። አሁን ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነኝ። ለስታፍ አካውንታንትና ለአካውንትስ ፔየብል (ለአቅራቢዎች ክፍያ) ሥራዎች ሳላቋርጥ አመለክታለሁ። አንዳንዱ ሬጀክሽን ባመለከትኩ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፣ ያውም በእኩለ ሌሊት። ሌላው ጭራሽ መልስ የለውም። ጓደኞቼ ኤቲኤስ የሚባል ሶፍትዌር ነው የሚጥልሽ ይሉኛል። አንዷ የማስታወቂያውን ቃላት ገልብጠሽ በነጭ ቀለም ሬዙሜሽ ግርጌ ላይ ለጥፊ ብላኛለች። አንድ ሰው ደግሞ 150 ዶላር ክፈዪኝና ኤቲኤስ የሚያልፍ ሬዙሜ ልሥራልሽ ይላል። ምን ይሻለኛል? ስሜንና ስልኬን አጥፍቼ ሬዙሜዬን ልኬያለሁ።"

ምላሽ፦

እህቴ፣ የላክሽውን ሬዙሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። የምታመለክቺባቸው ሥራዎች ከአቅምሽ በላይ አይደሉም። ወደ ዘጠኝ ዓመት የሚጠጋ ልምድ አለሽ። ችግሩ ሬዙሜሽ ይህን አለመናገሩ ነው። እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ ሳታውቂው ተቃራኒውን ይናገራል። እሱ ጋ እንደርሳለን።

እኔ እዚሁ ዲሲ አካባቢ በቅጥር ሥራ ላይ ነኝ። ኤቲኤስ የምትሉት ሶፍትዌር ጠዋት ቢሮ ስገባ የምከፍተው ስክሪን ነው። ስለዚህ በወዲያኛው በኩል ምን እንደሚታይ እነግርሻለሁ።

ኤቲኤስ ማለት ማመልከቻ የሚቀበልና የሚያደራጅ መዝገብ ነው። ወርክዴይ፣ ታሌዮ፣ አይሲምስ፣ ግሪንሃውስ የሚባሉት ሁሉ ሥራቸው ተቀራራቢ ነው። የላክሽውን ፋይል ከፍተው ጽሑፉን ያወጣሉ። ስም፣ ትምህርት፣ የሥራ ቦታ፣ ቀን እያሉ በየሳጥኑ ያስቀምጡታል። ቅጹ ላይ የመለስሻቸውን ጥያቄዎችም ይመዘግባሉ። ከዚያ እኔ በቃል እፈልጋለሁ፣ በመልስ አጣራለሁ፣ በቀን እደረድራለሁ። አመልካቾችን ከማስታወቂያው ጋር እያነጻጸረ ደረጃ የሚሰጥ መሣሪያ የሚጨምሩ ኩባንያዎችም አሉ። እነሱ እየበዙ ነው።

"ከመቶ 75 ሬዙሜ ሰው ሳያየው ኮምፒዩተር ይጥለዋል" የሚባለውን ሰምተሽ ይሆናል። ኢንተርኔቱን ሞልቶታል። ከጀርባው ግን አስተማማኝ ጥናት የለም። ይህን የምልሽ ነገሩ ቀላል ነው ለማለት አይደለም። ሬዙሜሽን የሚያስቀረው ምን እንደሆነ ካላወቅሽ፣ ገንዘብሽንም ሌሊትሽንም የምትጨርሺው የማይረባ ነገር በማስተካከል ስለሆነ ነው።

በሌሊት የሚመጣው ሬጀክሽን

በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣው ሬጀክሽን አብዛኛውን ጊዜ ከሬዙሜሽ ጋር አይገናኝም። የሚመጣው ቅጹ ላይ ከመለስሻቸው ጥያቄዎች ነው። ቀጣሪው "እንዲህ ብሎ የመለሰ አይለፍ" ብሎ አስቀድሞ ያዘዘባቸው ጥያቄዎች አሉ። በእኛ ሥራ ኖክአውት ይባላሉ። አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት በሕግ ተፈቅዶልሃል? ስፖንሰርሺፕ ያስፈልግሃል? ይህን ያህል ዓመት ልምድ አለህ? ይህ ላይሰንስ አለህ? በሳምንት ስንት ቀን ቢሮ ትገባለህ? አንዱ ላይ ያልተፈለገውን መልስ ከመረጥሽ ሲስተሙ ማንንም ሳይጠብቅ ደብዳቤውን ይልካል። ሬዙሜሽ አልተከፈተም።

ከነዚህ ሁሉ ወገኖቻችንን የሚጎዳው የስፖንሰርሺፕ ጥያቄ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስታውሺ። ጥያቄው "አሁን ወይም ወደፊት የሥራ ቪዛ ስፖንሰርሺፕ ከእኛ ያስፈልግሻል?" ነው የሚለው። በዲቪ ለመጣ ሰው ስፖንሰር ማለት ለኤምባሲ ወረቀት የፈረመለት፣ ኤርፖርት የተቀበለው ዘመድ ነው። ቃሉን በዚያ ስሜት አንብበሽ "አዎ፣ ስፖንሰር አለኝ" ብለሽ መልሰሽ ይሆን? ወይም ሲቲዝን ስላልሆንሽ "ወደፊት ምን ያስፈልገኝ እንደሆነ ማን ያውቃል" ብለሽ "አዎ" ላይ ጫንሽ? ሁለቱም ሲያጋጥም አይቻለሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በሕግ ለመሥራት ተፈቅዶልሃል ለሚለው ጥያቄ መልሱ "አዎ፣ ተፈቅዶልኛል" ነው። ለስፖንሰርሺፑ ጥያቄ "አያስፈልገኝም" ነው። ጥያቄው ኩባንያው እንደ ኤች-1ቢ ያለ ቪዛ እንዲያወጣልሽ ትፈልጊ እንደሆነ ብቻ ነው የሚጠይቅሽ። አንቺ አትፈልጊም። ያለ ምንም ስጋት "አይ" በይ፣ እውነቱ እሱ ነው።

ሌላው የዚህ አካባቢ ጣጣ ክሊራንስ ነው፣ የመንግሥት ምስጢር ያለበት ሥራ ላይ የሚጠየቅ የደኅንነት ፈቃድ። ዲሲ፣ ሰሜን ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በመንግሥት ኮንትራክተሮች የተሞሉ ናቸው። ማስታወቂያው ሴኩሪቲ ክሊራንስ ወይም ክሊራንስ የማግኘት ብቃት ከጠየቀ፣ በአብዛኛው የአሜሪካ ዜግነት ይፈልጋል። ምንም ዓይነት ሬዙሜ ያንን አያልፍም። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ እስከ ታች ሳታነቢ አታመልክቺ። ጊዜሽን ለሌላው አውዪው።

የደመወዝ ሳጥኑንም ልብ በዪ። ቁጥር ብቻ የሚቀበል ከሆነ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን የደመወዝ ክልል ተመልክተሽ በዚያ ውስጥ አስገቢ። ሜሪላንድ ቀጣሪዎች የደመወዝ ክልሉን ማስታወቂያው ላይ እንዲያወጡ በሕግ ከ2024 ጥቅምት ጀምሮ አስገድዳለች። ስለዚህ መገመት አይጠበቅብሽም።

ስምንት ዓመት የጠፋብሽ ቦታ

አሁን ወደ ሬዙሜሽ። ያስደነገጠኝ ነገር ይህ ነው።

ባንክ የሠራሽበትን ጊዜ "2007 – 2010" ብለሽ ጽፈሻል። አስመጪ ድርጅቱን ደግሞ "2018 – 2023"። ዲግሪሽ "2006" ይላል። እኔ ሐበሻ ስለሆንኩ ወዲያው ገባኝ። የባንኩና የዲግሪው በኛ ዘመን አቆጣጠር ነው፣ የአስመጪው በፈረንጆቹ። ምናልባት የባንኩን ከድሮው የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይ ገልብጠሽው ይሆናል። ሶፍትዌሩ ግን ይህን አያውቅም። አጠገቤ የምትቀመጠው አሜሪካዊት ባልደረባዬም አታውቅም። እነሱ የሚያዩት በ2010 ሥራ ለቃ እስከ 2018 ስምንት ዓመት ቤት የተቀመጠች ሴት ነው። ዲግሪዋም ያረጀ።

እውነቱ ምንድን ነው? ሐምሌ 2006 ተመረቅሽ፣ ያ ጁላይ 2014 ነው። መስከረም 2007 ባንክ ገባሽ፣ ያ ሴፕቴምበር 2014 ነው። ጥር 2010 ለቀሽ አስመጪው ጋ ገባሽ፣ ያ ጃንዋሪ 2018 ነው። ሰኔ 2015 ለጉዞ ለቀቅሽ፣ ያ ጁን 2023 ነው። አንድም ወር ያልተቋረጠ ሥራ። ይህን ያህል ንጹሕ ታሪክ ይዘሽ ወረቀቱ ላይ ስምንት ዓመት ባዶ ሆኖ መታየቱ ያሳዝናል።

ይህ ተራ የፊደል ግድፈት አይደለም። የሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩልና አክሴንቸር በ2021 ያወጡት ጥናት አለ፣ በሲስተም ተጣርተው ስለሚቀሩ ሠራተኞች። ከጠየቋቸው ኩባንያዎች ግማሽ ያህሉ ከስድስት ወር በላይ የሥራ ክፍተት ያለውን ሬዙሜ እንደሚያጣሩ ተናግረዋል። ስድስት ወር! ያንቺ ስምንት ዓመት ነው የሚመስለው። በዚያው ጥናት ላይ ከመቶ 88 የሚሆኑ ቀጣሪዎች፣ ለሙያ ሥራ የሚበቁ ሰዎች ከተጻፈው መስፈርት ጋር ቃል በቃል ስላልገጠሙ ብቻ እየቀሩባቸው እንደሆነ አምነዋል። ቀጣሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ይህን ያሉት።

ሁሉንም ቀን በፈረንጆቹ አድርጊው። ከወሩ ጋር፣ ሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ፦ 09/2014 – 01/2018፣ 01/2018 – 06/2023። ስትቀይሪ ተጠንቀቂ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ከጥር ወዲህ ስምንት። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ደግሞ የፈረንጆቹ ዓመት ስለሚለወጥ ቀኑን ጭምር ማየት ያስፈልጋል። ከተቀጠርሽ በኋላ የሥራ ታሪክሽን የሚያጣራ ድርጅት ለቀድሞ አሠሪሽ ሊደውል ይችላል፣ ስለዚህ በትክክል መግጠም አለበት። የልምድ ደብዳቤሽ በኛ አቆጣጠር ከሆነ ከትርጉሙ ጋር አዘጋጅተሽ አስቀምጪ።

የፓርኪንጉን ሥራ ከሬዙሜሽ አውጥተሽዋል። ገባኝ፣ ከሙያሽ ጋር የማይሄድ መስሎሽ ነው። መልሺው። ካላስገባሽው ከጁን 2023 ወዲህ ሌላ ክፍተት ይታያል። ሁለት መስመር ይበቃዋል። በየቀኑ ጥሬ ገንዘብና ካርድ ትቀበያለሽ፣ በፈረቃው መጨረሻ ሒሳብ ትዘጊያለሽ፣ ልዩነት ካለ ትመዘግቢያለሽ። ለሒሳብ ክፍል ሰው ይህ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። እዚህ አገር በሰዓት እየተከፈለሽ ገንዘብ ታምኖብሽ እንደሠራሽ ይናገራል።

የሠራሽውን በማስታወቂያው ቋንቋ መጻፍ

ሬዙሜን ለሥራው ማስተካከል ሲባል ብዙ ሰው ቃል መጨመር ይመስለዋል። የሠራሽውን ነገር ፈላጊው በሚጠራበት ስም መጥራት ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም።

አስመጪ ድርጅቱ ሥር የጻፍሻቸው ሦስት መስመሮች ናቸው። "የሒሳብ ሥራዎችን መሥራት"፣ "ሪፖርት ማዘጋጀት"፣ "ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተግባራትን ማከናወን"። ይህ ከአገር ቤት የሥራ መዘርዝር የተቀዳ ነው። የመጨረሻዋን መስመር ሁላችንም እናውቃታለን፣ በሁሉም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ አለች። እዚህ ማንም አይፈልጋትም፣ አጥፊያት።

አብሮ ከላክሽው መልእክት ግን ሌላ ታሪክ አነበብኩ። ለውጭ አገር አቅራቢዎች በኤልሲ ክፍያ ትፈጽሚ ነበር። የሦስት ባንኮችን ሒሳብ በየወሩ ታስታርቂ ነበር። የስልሳ ሠራተኛ ደመወዝ ከነገቢ ግብሩና ከነጡረታው ትሠሪ ነበር። በየወሩ ቫት ታሳውቂ ነበር። ይህን ሁሉ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም። ከዚህ ውስጥ ሬዙሜሽ ላይ ያለው አንድም የለም! እኔ ስክሪኔ ላይ "አካውንትስ ፔየብል" ብዬ ስፈልግ አንቺ አትመጪም። የአምስት ዓመት የአካውንትስ ፔየብል ሰው ሆነሽ ሳለ።

እንዲህ አድርገሽ ጻፊው። ለአቅራቢዎች መክፈል እዚህ አካውንትስ ፔየብል ነው፣ አቅራቢዎቹም ቬንደር ይባላሉ። ደረሰኝ ተቀብለሽ አመሳክረሽ መዝገብሽ ኢንቮይስ ፕሮሰሲንግ ነው። የባንክ ማስታረቁ ባንክ ሪኮንሲሌሽን። የወር መዝጊያው መንዝ-ኤንድ ክሎዝ። ደመወዙ ፔይሮል፣ የግብሩ ቅነሳ ዊዝሆልዲንግ። ኤልሲ እዚህም ሌተር ኦፍ ክሬዲት ነው፣ በሙሉ ስሙ ጻፊው። ዓለም አቀፍ ንግድ ያለበት ኩባንያ ይፈልገዋል። ቁጥሮቹንም አስገቢ። "የሦስት ባንኮችን ሒሳብ በየወሩ አስታርቄያለሁ፣ ለስልሳ ሠራተኛ ፔይሮል ሠርቻለሁ" የሚል መስመር "የሒሳብ ሥራ ሠርቻለሁ" ከሚለው ጋር አይወዳደርም። ቁጥሩ ያንቺ እውነተኛ ቁጥር ይሁን። ኢንተርቪው ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።

ፒችትሪ ላይ ለብቻው ልናገር፣ ምክንያቱም የአገር ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ ይዞት የሚመጣው ሀብት ነው። አሜሪካ ውስጥ ፒችትሪ የሚባለው ስም ከቀረ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። ያው ፕሮግራም ዛሬ ሴጅ 50 ነው የሚባለው። ማስታወቂያዎቹ የሚጠይቁት ሴጅን ነው። እዚህ ያለ ወጣት ሪክሩተር (እንደ እኔ በቅጥር ሥራ ላይ ያለ ሰው) ፒችትሪን ላያውቀው ይችላል። "ሴጅ 50፣ ቀድሞ ፒችትሪ" ብለሽ ጻፊ። እውነት ነው፣ ደግሞም ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ያገኝሻል። ባንክ በነበርሽ ጊዜ የሠራሽበትን የኮር ባንኪንግ ሲስተምም በስሙ ጻፊው። ለምሳሌ ቲ24 ከሆነ የቴሜኖስ ምርት መሆኑን ጨምሪ፣ እዚህ የሚታወቀው በኩባንያው ስም ነው።

አሳጥሮ የሚጻፍ ነገር ካለ አጭሩንም ሙሉውንም አንድ ጊዜ አስገቢ። አንዱ ሪክሩተር "ኤፒ" ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው "አካውንትስ ፔየብል"። ሲስተሙ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ሁልጊዜ አያውቅም።

አሁን ደግሞ መስመሩ የት ላይ እንደሆነ ልንገርሽ። ቫት ሠርተሽ ሴልስ ታክስ ሠርቻለሁ አትበዪ። ሕጉ ሌላ ነው። "ወርኃዊ የቫት ማሳወቅ" ብለሽ ጻፊ፣ የተዘዋዋሪ ግብር ልምድ እንዳለሽ ይገባቸዋል። የዩኤስ ጋፕ፣ ማለትም የአሜሪካው የሒሳብ አያያዝ ደንብ፣ ልምድ ከሌለሽ አለኝ አትበዪ። በምትኩ፣ ድርጅትሽ ሒሳቡን በአይኤፍአርኤስ፣ በዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደንብ፣ ያዘጋጅ ከነበረ እሱን ጻፊ። አገራችን በ2006 ዓ.ም. በወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ፣ በአዋጅ ቁጥር 847፣ ወደዚያ መንገድ ገብታለች። ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች አይኤፍአርኤስን ያከብሩታል። ኩዊክቡክስ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ካልሠራሽበት አትጻፊ። ግን ተማሪው። ኩዊክቡክስን የሚሠራው ኢንቱይት ለሒሳብ ባለሙያዎች በነፃ የሚከፍተው አካውንት አለ፣ ኩዊክቡክስ ኦንላይን አካውንታንት ሲባል የቆየ ነው። ሥልጠናውም የፕሮአድቫይዘር ሰርተፊኬት ፈተናውም አብረው በነፃ ይገኛሉ። የ150 ዶላሩን ሰው ትተሽ ምሽትሽን ለዚህ ብትሰጪ ሬዙሜሽ ላይ እውነተኛ መስመር ይጨመራል።

የሥራ መደብ ስምሽን አትለውጪ። ባንክ ውስጥ "ኦፊሰር" ከነበርሽ ኦፊሰር ነው የሚባለው፣ ሲጣራም እሱ ነው የሚገኘው። ግን ከጎኑ ሰረዝ አድርገሽ ምን እንደሠራሽ ጨምሪ፣ የቴለርና የቅርንጫፍ ሒሳብ ሥራ እያልሽ። እዚህ የባንክ ኦፊሰር ሲባል ሌላ ደረጃ ሊመስል ይችላል።

ቃላቱን ከየት ታመጫለሽ? ተመሳሳይ ስም ያላቸውን አምስት ስድስት ማስታወቂያዎች አውጥተሽ ጎን ለጎን አንብቢ። በሁሉም ውስጥ የሚደጋገመው ነገር የሥራው ልብ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ኦ-ኔት የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለው፣ እያንዳንዱ ሙያ ምን ምን ተግባር እንዳለው ይዘረዝራል። እሱንም ተመልከቺ። ከዚያ አንድ ሁሉን የያዘ ረጅም ሬዙሜ ለራስሽ ጻፊ። ከእሱ ሁለት አውጪ፣ አንዱ ለአካውንትስ ፔየብል፣ ሌላው ለስታፍ አካውንታንት። ለየማስታወቂያው ከዜሮ መጻፍ አያስፈልግም። ከላይ ያለውን አጭር መግቢያና ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር የሚመጡትን የመጀመሪያ መስመሮች ብቻ ከማስታወቂያው ጋር አስማሚ። ማስታወቂያው ሪኮንሲሌሽንን ካስቀደመ አንቺም አስቀድሚው። ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጀው።

ቅርጹ

ይህ ቶሎ የሚያልቅ ነው። ያንቺ ባለ ሁለት ዓምድ የካንቫ ቴምፕሌት ነው፣ በግራ በኩል ባለ ቀለም ሰሌዳ አለው። ለዓይን ያምራል። ጽሑፉ ሲወጣ ግን የግራውና የቀኙ መስመር ሊደባለቅ ይችላል። የአንዱ ሥራ ቀን ከሌላው ስም ጋር ይገባል። የቋንቋና የኤክሴል ችሎታሽን በኮከብ አሳይተሻል፣ ኮከቡ ጽሑፍ ስላልሆነ አይነበብም። ስልክና ኢሜይል የነበረበት ቦታ የገጹ ራስጌ ላይ ነው፣ አንዳንድ ሲስተም ራስጌን ይዘለዋል። ሁሉንም ወደ አንድ ዓምድ አምጪ። ተራ ፎንት፣ የተለመዱ ርዕሶች፣ ሠንጠረዥ የለም፣ ሥዕል የለም። በዎርድ ወይም ከዎርድ በወጣ ፒዲኤፍ ላኪ። ፎቶ አንስተሽ ወይም ስካን አድርገሽ በፍጹም አትላኪ።

ስትጨርሺ ሙሉውን ገልብጠሽ ኖትፓድ ላይ ለጥፊው። እዚያ ላይ በቅደም ተከተሉ ከተነበበ ሶፍትዌሩም ያነበዋል። ይህ ነፃ ፈተና ከማንኛውም "ኤቲኤስ ስኮር" የበለጠ ይጠቅምሻል። ነጥብ የሚሰጡት ድረ ገጾች የራሳቸውን ስሌት ነው የሚያሳዩሽ፣ ያመለከትሽበትን ኩባንያ ሲስተም አይደለም።

ፎቶሽን፣ የትውልድ ቀንሽን፣ ያገባሽ ያላገባሽ መሆንሽንና ዜግነትሽን አውጪ። አገር ቤት ሲቪ ላይ እነዚህ የግድ ናቸው። ዱባይና ዶሃ ያላችሁ አንባቢዎችም ፎቶና ዜግነት መጻፍ የተለመደ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እዚያ ተዉት። አሜሪካ ግን ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና ከ1967ቱ የዕድሜ መድልዎ ሕግ ወዲህ ቀጣሪ እነዚህን ነገሮች ሬዙሜ ላይ ሲያይ ይጨነቃል። የስምሽ አጻጻፍ ግሪን ካርድሽ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም፣ የአባትሽ ስም በላስት ኔም ሳጥን።

ዲግሪሽን በደብሊውኢኤስ ወይም በሌላ የናሴስ (የውጭ አገር ትምህርት ገምጋሚዎች ማኅበር) አባል ድርጅት አስገምግሚው። ከዩኒቨርሲቲው ስም ቀጥሎ "ከአሜሪካ ባችለር ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑ የተረጋገጠ" የምትል መስመር ጨምሪ። ብዙ ቅጽ ላይ "ባችለር ዲግሪ አለሽ?" የሚለው ጥያቄ ኖክአውት ነው፣ በሙሉ ልብ "አዎ" ትያለሽ።

ነጩ ቀለም

አታድርጊው። ሲስተሙ ጽሑፉን ሲያወጣ ቀለሙን ይተወዋል። በነጭ የደበቅሽው ሁሉ እኔ ስክሪን ላይ ጥቁር ሆኖ ይነበባል፣ የማስታወቂያው ቃላት እንዳለ ተደርድረው። ያን ያየ ሪክሩተር ምን እንደሚያስብ መንገር አያስፈልገኝም። በሒሳብ ሙያ ደግሞ መታመን ዋናው ነገር ነው። አንቺ የሚደበቅ ነገር የለሽም። እነዚያ ቃላት በሐቅ የሠራሽበት ስለሆኑ በጥቁር ቀለም ይጻፉ።

ማሽኑ ፍትሐዊ ነው እያልኩ አይደለም። ደረጃ የሚሰጡት መሣሪያዎች ያሳስቡኛል። አማዞን የሠራው ሬዙሜ መዛኝ ፕሮግራም የሴቶችን ማመልከቻ ዝቅ እያደረገ ስላስቸገረ እንደተተወ በ2018 ሮይተርስ ዘግቧል። በ2023 አንድ አመልካች ወርክዴይን ከሷል፣ ከመቶ በላይ ቦታ አመልክቼ የተጣልኩት ሲስተሙ በዘሬ፣ በዕድሜዬና በጤና ሁኔታዬ ስላዳላብኝ ነው ብሎ። ወርክዴይ ክሱን አይቀበልም። የካሊፎርኒያው ፌዴራል ፍርድ ቤት ግን በሜይ 2025 የዕድሜው ክስ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሌሎች አመልካቾችን ጨምሮ እንዲቀጥል ፈቅዷል። ትግሉ ገና ነው። አንቺ ዛሬ ማድረግ የምትችይው ግን ለማሽኑም ለሰውም የሚነበብ እውነተኛ ወረቀት መላክ ነው።

ከኦንላይን ማመልከቻው ውጪ

በሠራተኛ ጥቆማ የመጣ ማመልከቻ እኛ ጋ ለብቻው ምልክት ይደረግበታል፣ እኔም መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። ይህ አካባቢ ሐበሻ የሞላበት ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ዕድር ውስጥ በሒሳብ ክፍል የሚሠራ ሰው አይጠፋም። "ሥራ ፈልጉልኝ" አትበያቸው፣ ያስጨንቃል። "ድርጅታችሁ ያወጣው ይህ ሥራ አለ፣ ሪፈር ታደርጉኛላችሁ?" ብለሽ ሊንኩንና ሬዙሜሽን ላኪላቸው። ብዙ ኩባንያ ለጠቆመ ሠራተኛ ጉርሻ ይከፍላል፣ ስለዚህ ሸክም አይሆንባቸውም።

እንደ ሮበርት ሃፍ ያሉ የሒሳብ ሠራተኛ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ጋም ተመዝገቢ። የሦስት ወር ጊዜያዊ የአካውንትስ ፔየብል ሥራ እንኳ ብታገኚ የአሜሪካ ልምድ የሚለው ጥያቄ ተመለሰ ማለት ነው። ውጭ አገር ተምረው ለመጡ ባለሙያዎች በነፃ የሚሠራ አፕዋርድሊ ግሎባል የሚባል ድርጅት አለ፣ ሬዙሜና ኢንተርቪው ላይ ያግዛል። በየካውንቲው ያሉት አሜሪካን ጆብ ሴንተሮችም በነፃ ያዩልሻል። ለሬዙሜ 150 ዶላር የሚያስወጣ ነገር የለም።

እስካሁን ያመለከትሽባቸውን ኩባንያዎች በተመለከተ፣ የድሮው ሬዙሜሽ መዝገባቸው ውስጥ አለ። ወርክዴይን በሚጠቀሙ ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ የተለየ አካውንት ነው የከፈትሽው፣ አንዱ ጋ ያስተካከልሽው ሌላው ጋ አይስተካከልም። መጀመሪያ ቀኖቹን አርሚ፣ ከዚያ በጣም የምትፈልጊያቸውን ጥቂት ኩባንያዎች መርጠሽ ግቢ። የድሮውን ፋይል አውጥተሽ አዲሱን ጫኚ። ሲስተሙ ራሱ የሞላልሽን እያንዳንዱን ሳጥን በዓይንሽ ተመልከቺ፣ በተለይ 2007 እና 2010 የሚል ቀርቶ እንደሆነ። የስፖንሰርሺፑ መልስ የተቀመጠ ካለ አስተካክዪው። አዲስ ማስታወቂያ ሲወጣ እንደገና አመልክቺ። አንድ ጊዜ ተጥለሽ ነበር ብሎ የሚከለክልሽ የለም። አዲሱን ሬዙሜ ስትጨርሺ ከመላክሽ በፊት ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።